የሐና ዕድሜ እና የመቱ መዝገብ

ራስ ተሰማ ናደው ጎሬን መቀመጫቸው አድርገው ኢሉባቦርን በሚገዙበት ዘመን፣ ሰው በማይታወቅ እጅ ሲሞት ገዳዩ የሚፈለገው ከሬሳው ሳይሆን ከሰው አፍ ነበር። በአፈርሳታ የአካባቢው ሕዝብ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ያየ፣ የሰማ እስኪናገር ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይደረግ ነበር። በኦሮሞው ባህል ደግሞ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ ሽማግሌዎች በጉማ ሥርዓት ደም ያደርቃሉ። ሁለቱም በአንድ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው፦ ክፉ ሥራ ሲሠራ ያየ ጎረቤት አይጠፋም። ይህ እምነት ለገበያ ጠብ፣ ለድንበር ግጭት፣ ለመንገድ ሽፍታ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ለሚሞት ልጅ ግን አይሠራም። በሩ ተዘግቶ ልጅ ሲሞት ያየ ሰው ቢኖር ራሱ የሚጠረጠረው ሰው ነው፤ ጎረቤት የሚደርሰው ለለቅሶ ነው። ከቤተሰቡ ውጭ የሚቀረው ምስክር የልጁ አካል ብቻ ይሆናል። አካል ደግሞ ሐኪም ካላነበበው አይናገርም። ሁለት ሐኪሞች አንብበው ሁለት ነገር ሲሉስ ዳኛው ምን ያድርግ? መልሱን ፍለጋ ከኢሉባቦር ተነስተን በእንግሊዝና በአሜሪካ አዙረን ወደ መቱ እንመለሳለን። እንደ እኔ አስተያየት፣ የባለሙያዎች ቃል ሲጋጭ የሚመዘነው የተናጋሪው ማዕረግ ሊሆን አይገባም፤ እያንዳንዱ ቃል ለየትኛው ጥያቄ እንደተሰጠና በምን ላይ እንደቆመ ነው። የሚቆምበት መሬት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከመጠራቱ ከዓመታት በፊት በአንድ ተራ መዝገብ ጸሐፊ እጅ የተደለደለ፣ ወይም ሳይደለደል የቀረ ነው።

ዘመናዊው ሕግ ወደ ኢሉባቦር የመጣው ደረጃ በደረጃ ነው። የ1923ቱን የወንጀል ሕግ በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተካው፤ በ1954 ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ ተከተለ። ከእነዚህ ጋር አብሮ መምጣት የነበረበት አንድ ነገር ሳይመጣ ቀረ፤ አገሪቱ ራሱን የቻለ አንድ ወጥ የማስረጃ ሕግ አላወጣችም። ማስረጃን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች በየሕጉ ተበትነው ይገኛሉ። የሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 143 ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ ያስፈልጋል ብሎ ካመነ በራሱ አነሳሽነት ተጨማሪ ምስክር እንዲጠራ ይፈቅድለታል። ሁለት የሐኪም ቃሎች ሲጋጩ ግን በምን ሚዛን እንደሚለኩ አይነግረውም፤ ሚዛኑ ለዳኛው ልቦና ተትቷል። ይህ ነፃነት በጎ ጎን አለው። ክፋቱ ደግሞ ልቦና ብቻውን ሲቀር ወደ ማዕረግ ማዘንበሉ ነው፤ ከፕሮፌሰርና ከጠቅላላ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባና ከወረዳ ከመጣ ወረቀት መካከል የቱ እንደሚመረጥ ቀድሞ የተወሰነ ይመስላል።

የመዲናነቱ ቦታ ከጎሬ ወደ መቱ ከዞረ በኋላ፣ በካርልሃይንስ በም ድርጅት ድጋፍ የተሠራውና በሰፊው መቱ ካርል የሚባለው ሆስፒታል የአካባቢው ዋና ሕክምና ቦታ ሆነ። ሕይወት ማዳኑ ግን አንድ ሙያ ነው፣ የሞተ ሰው ለምን እንደሞተ መመርመር ሌላ ሙያ ነው። ለረጅም ዘመን የአስከሬን ምርመራ ሲባል በኢትዮጵያ የሚታሰበው አዲስ አበባ ያለው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከመቱ እስከዚያ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም በክረምት ምሕረት የለውም። የኢሉባቦር ክረምት ከአገሪቱ ዝናባማዎቹ አንዱ ነው፤ አስከሬን ደግሞ በጊዜ ይለወጣል። ሟች በዕለቱ ወይም በማግስቱ የሚቀበርበት አገር ውስጥ ቤተሰብ የልጁን አስከሬን በመኪና ጭኖ አገር አቋርጦ እንዲሄድ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ ፖሊስ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በቅርቡ ያለው ጠቅላላ ሐኪም አካሉን ከውጭ ያያል፣ በእንግሊዝኛ ጥቂት መስመር ያሰፍራል። ወረቀቱ በኦሮምኛ ለሚያስችለው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ጥቂቶቹ መስመሮች በሁለት ቋንቋ መካከል ሲያልፉ «ሊሆን ይችላል» የሚለው «ነው» ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አይጠፋም። ግጭቱ የሚጀምረው ገና ሁለተኛ ሐኪም ሳይቀርብ ነው።

የሙያው እጥረት ብቻ ነው ችግሩ ለሚል ሰው የእንግሊዝ ታሪክ መልስ ይሰጣል። በታኅሣሥ እ.ኤ.አ. 1996 ሳሊ ክላርክ የተባለች የሕግ ባለሙያ የመጀመሪያ ልጇን በአራስነቱ አጣች፤ በጥር 1998 ሁለተኛው ሞተ። የመጀመሪያውን አስከሬን የመረመረው ባለሙያ ያን ጊዜ የሞቱን ምክንያት የሳንባ ኢንፌክሽን ብሎት ነበር። ሁለተኛው ሲሞት ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውንም ግድያ አደረገው። በችሎቱ ላይ ሰር ሮይ ሜዶው የተባሉ ታዋቂ የሕፃናት ሐኪም ቀርበው፣ በእንዲህ ያለ ቤተሰብ ሁለት ሕፃናት ያለ ምክንያት በድንገት የመሞታቸው ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው አሉ። ቁጥሩ የተገኘው ለአንድ ሕፃን የተገመተውን ከ8543 አንድ ዕድል በራሱ በማባዛት ነበር። እንዲህ ማባዛት የሚቻለው ሁለቱ ሞቶች ምንም የማይገናኙ ከሆነ ብቻ ነው፤ ወንድማማቾች ግን ደምም ቤትም ይጋራሉ። እናትየዋ በኅዳር 1999 ጥፋተኛ ተባለች። የመጀመሪያ ይግባኟ ወደቀ። ቆይቶ መርማሪው ከሁለተኛው ሕፃን አካል የወሰደው ናሙና ስታፊሎኮከስ የተባለ አደገኛ ባክቴሪያ እንዳሳየና ይህ ውጤት ለተከላካዮች እንዳልተገለጸ ታወቀ፤ በጥር እ.ኤ.አ. 2003 ነፃ ወጣች። እዚህ አገር የሚጎድለው ሁሉ እዚያ ነበረ፦ ፕሮፌሰሩ፣ ቤተ ሙከራው፣ ገንዘቡ። የጎደለው ጥያቄውን መለየት ነው። የሕፃናት ሐኪሙ የመለሱት «ሁለት ሞት ምን ያህል ብርቅ ነው?» የሚለውን ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ማወቅ የነበረበት ግን «እነዚህ ሁለት ሕፃናት በምን ሞቱ?» የሚለውን ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚጠቅመው ወረቀት ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ የወንጀል ሕጓን አሻሻለች። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግ ለሕፃናት ሞት ሁለት ቁም ነገሮች ይዟል። አንደኛው ከአንቀጽ 561 ጀምሮ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለብቻቸው ወንጀል ማድረጉ ነው፤ ለአራስ ቅቤ ማዋጥና እትብቱን እበት መቀባት የመሰለው ነገር ከልማድ ወደ ክስ ተሻገረ። ሁለተኛው ከ1949ኙ ሕግ የተወረሰው አንቀጽ 24 ነው። ድርጊትና ውጤት በነገሮች ልማዳዊ አካሄድ የሚገናኙ ከሆነ አድራጊው ተጠያቂ ነው ይላል። ሌላ ቀዳሚ፣ ተጓዳኝ ወይም ጣልቃ ገብ ምክንያት ቢኖርስ? ግንኙነቱ የሚቋረጠው ያ ሌላ ምክንያት ብቻውን ውጤቱን ለማስከተል በቂ ሲሆን ነው። በሕፃን ሞት ላይ የሚነሳው የሐኪሞች ክርክር አብዛኛው እዚህ አንቀጽ ውስጥ ይገባል። የተገረፈ ልጅ የሳንባ ምች ይዞትም ሊሆን ይችላል፤ የተራበ ልጅ ወባም ሊኖርበት ይችላል። የመከላከያ ሐኪም «በሽታ ነበረበት» ሲል የዐቃቤ ሕግ ሐኪም «ጉዳት ደርሶበታል» ቢል ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ተጣሉ ማለት አይደለም። ዳኛው ሊጠይቃቸው የሚገባው «ማናችሁ ልክ ናችሁ?» ብሎ ሳይሆን «ያ በሽታ ብቻውን በዚያች ሌሊት ይገድለው ነበር ወይ?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ግጭት የመሰለው ነገር ብዙ ጊዜ ይሟሟል።

ይህን ሁሉ ባንድነት የፈተነው ጉዳይ የደረሰው በአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ላይ፣ ከአገሯ ርቃ ነው። ሐና ዓለሙ በ2000 ዓ.ም. በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ሄደች፤ ሴድሮ ዉሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰባት የአብራካቸው ክፋይ ልጆች ያሏቸው ላሪ እና ካሪ ዊሊያምስ ወሰዷት። መስማት የተሳነው አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅም አብሯት ሄደ። ኋላ በችሎት እንደተሰማው፣ ሐና በፕላስቲክ ቱቦ ትገረፍ፣ ምግብ ትከለከል፣ በቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባት፣ ደጅ በጎማ ውኃ ትታጠብ ነበር። ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በአሜሪካኑ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በጓሮ ዝናብ ውስጥ ራቁቷን ወድቃ ተገኘች። የሌሊቱ ሙቀት በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነበር። የአስከሬን ምርመራው የሞቷን ምክንያት የሰውነት ሙቀት ከመጠን በታች መውረድ አለው፤ የምግብ እጥረትና ሥር የሰደደ የጨጓራ ሕመምም አስተዋጽኦ እንዳደረጉ መዘገበ። ለቁመቷ እጅግ ቀጭን ነበረች።

ከዚህ ምርመራ ውስጥ የመጀመሪያውን አስቸጋሪ ነጥብ እንመልከት። በብርድ የሞተ ሰው አካል ላይ «ብርድ ገደለው» የሚል የማያሻማ ምልክት አይገኝም። መርማሪው ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ እያስወጣ፣ የቀረውን ከሁኔታው ጋር ያገናዝባል፤ ምን ለብሳ ነበር፣ ምን ያህል ጊዜ ደጅ ቆየች፣ አየሩ ምን ያህል ቀዘቀዘ፣ ሰውነቷ ሙቀት የሚያመነጭበት ሥጋና ስብ ነበረው ወይ? የቢላዋው ሥራ የሚያበቃው የቴርሞሜትሩ፣ የሚዛኑና የሰዓቱ ጽሑፍ ሲጨመርበት ነው። ራቁቷን መገኘቷም የዚህ አካል ነው። የማያውቅ ሰው «ልብሷን ራሷ ካወለቀች አልበረዳትም፣ እልኸኛ ነበረች» ሊል ይችላል። ሕክምናው ግን ተቃራኒውን ያውቃል፤ ሰውነት ለሞት ሲቃረብ የተኮማተሩት የቆዳ ደም ሥሮች ይላላሉ፣ ሰውየው እየቀዘቀዘ ሳለ የሚቃጠል ይመስለውና ልብሱን ይጥላል። መከላከያውን የሚደግፍ የመሰለው ነገር በብርድ መሞቷን የሚያጠናክር ሆነ። ጨጓራዋስ? ክብደቷን ያሳጣት ሕመሙ ነው ወይስ የምግብ ክልከላው? በእኛ አንቀጽ 24 ብንለካው መልሱ አይከብድም። የጨጓራ ሕመም በራሱ አንዲትን ልጅ በአንድ ሌሊት ጓሮ ውስጥ አያቀዘቅዝም፤ ሊያደክማት ይችላል፣ የደከመችን ልጅ ዝናብ ላይ ማቆየት ደግሞ ጥፋቱን ያከብዳል እንጂ አያቀልም።

ሁለተኛው ነጥብ ግን ከሞቱ ምክንያት ይልቅ ከባድ ሆነ፤ ዕድሜዋ። ባልና ሚስቱ በመስከረም 2004 ተይዘው ሲከሰሱ ዋናው ክስ የዋሽንግተን ሕግ «በማሰቃየት መግደል» የሚለው ነበር፤ ቅጣቱ ከግድያ የማይተናነስ ነው። ክሱ እንዲጸና ዐቃቤ ሕግ የሰው ሕይወትን ፍጹም መናቅን፣ የተደጋገመ ድብደባን ወይም ማሰቃየትን፣ እንዲሁም ሟች ከ16 ዓመት በታች መሆኗን ማስረዳት አለበት። የጉዲፈቻው ወረቀት ልደቷን እ.ኤ.አ. 1997 ላይ ያስቀምጠዋል፤ በዚህ ሒሳብ ስትሞት 13 ዓመቷ ነው። ነገር ግን ሲወለድ የተጻፈ የልደት መዝገብ አልነበረም፤ ወረቀቱ ኋላ በግምት የተሞላ ነው፣ 16ን አልፋ ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር ተነሳ። በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ በፍርድ ቤት ፈቃድ መቃብሯ ተከፍቶ ጥርሷና አጥንቷ ተመረመረ። ምርመራው ትክክለኛ ዕድሜዋን ቆርጦ ሊናገር አልቻለም።

ለምን እንዳልቻለ መረዳት ለእኛ ፍርድ ቤቶችም ይጠቅማል፤ ተከሳሽ 18 ሞልቷል ወይስ አልሞላም፣ የተደፈረች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው የሚለው በየቀኑ ወደ ሆስፒታል ይላካልና። በእጅ አጥንት ራጅ ዕድሜ ለመገመት በዓለም ዙሪያ በሰፊው የሚያገለግለው የግሮይሊክና የፓይል መጽሐፍ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በነበሩ፣ ከተመቻቸ ኑሮ በመጡ ነጭ ልጆች ራጅ ነው። ደህና በልተው ባደጉ ልጆች መካከል እንኳ አንድ ዓመት ከዚያም በላይ ወዲህ ወዲያ ማለት የተለመደ ነው። በረሃብ ያደገ ልጅ አጥንት ደግሞ ይዘገያል፤ ከእውነተኛ ዕድሜው ያነሰ ይመስላል። ጥርስ ረሃብን ከአጥንት ይልቅ ይቋቋማል፣ ሆኖም በአሥራዎቹ አጋማሽ ለማየት የሚቀረው በአብዛኛው የመጨረሻው መንጋጋ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። በሐና ጉዳይ አሳዛኙ ምፀት እዚህ ላይ ነው፦ የበደሉ ማስረጃ የሆነው ረሃብ ራሱ የዕድሜዋን ማስረጃ አደበዘዘው። አጥንቷ ልጅ ናት ቢል መከላከያው «ረሃቡ ነው ያሳነሰው» ሊል ይችላል፤ እንዲህ ሲል ግን መራቧን አመነ ማለት ነው። ማስረጃዎቹን ለየብቻቸው ሳይሆን ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው አንዱ የሌላውን ድንበር ያሳያል።

ችሎቱ በሐምሌ 2005 በማውንት ቬርነን ከተማ ተከፈተ፤ የሲያትል አካባቢ ኢትዮጵያውያን እየተመላለሱ ተከታተሉት። የቤቱ ልጆች መሰከሩ፤ አብሯት የሄደው ልጅም በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ተናገረ። ከዓመቱ መባቻ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ ከሕዝብ የተመረጡት አሥራ ሁለት ዳኞች (ጁሪ) ውሳኔያቸውን ሰጡ። ካሪ ዊሊያምስ በማሰቃየት በመግደል ጥፋተኛ ተባለች። በባልየው ላይ በዚሁ ክስ መስማማት አልቻሉም፤ በግዴለሽነት ሰው በመግደል ግን ጥፋተኛ አሉት። አብሯት በሄደው ልጅ ላይ በደረሰው ጥቃትም ሁለቱም ጥፋተኛ ሆኑ። ጥቅምት 19 ቀን 2006 እርሷ 37 ዓመት ገደማ፣ እርሱ 28 ዓመት ገደማ ተፈረደባቸው። ውሳኔው የተዘበራረቀ ይመስላል፤ አንዲት ልጅ፣ አንድ ሞት፣ ሁለት ውጤት። በየጥያቄው ከተለየ ግን ሥርዓት አለው። አሥራ ሁለቱ ሰዎች በሚስትየዋ ላይ ሲስማሙ ሐና ከ16 በታች መሆኗን ተቀብለዋል ማለት ነው፤ ዕድሜዋ በአባትየው ክስ ጊዜ አይለወጥምና እነሱን የከፈላቸው ዕድሜ ሊሆን አይችልም። የከፈላቸው እርሱ በማሰቃየቱ ውስጥ ምን ያህል እጁ እንደነበረ መሆን አለበት። የግዴለሽነቱ ክስ ደግሞ ዕድሜ የማይጠይቅ ስለሆነ፣ በዕድሜው ድልድይ መሻገር ቢያቅት እንኳ ሌላ መሻገሪያ ተዘጋጅቶ ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ነው ይላል፤ ባለሙያዎቹ ካልተስማሙ ጥርጣሬ አለ፣ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ማሰናበት ነው፣ ምን ያከራክራል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት ይዟል፣ ግማሹንም መጣል አይገባም። የሳሊ ክላርክ ዳኞች ይህን ግማሽ ቢያከብሩት ንጹሕ እናት ከሦስት ዓመት በላይ ባልታሰረች። የሚስተው ጥርጣሬን እንደ ጭስ ቤቱን ሁሉ የሚሞላ አድርጎ ማየቱ ነው። ጥርጣሬ አድራሻ አለው። በዕድሜ ላይ ያለ ጥርጣሬ ዕድሜ የሚጠይቀውን ክስ ይጥላል፤ ልጅቱ መራቧንና ብርድ ላይ መቆየቷን አይጥልም። በሞቱ ምክንያት ላይ ያለ እውነተኛ ጥርጣሬ የግድያውን ክስ ይጥላል፤ ልጁ መገረፉን፣ ማለትም በአንቀጽ 576 ለብቻው የሚያስቀጣውን በልጅ ላይ የሚፈጸም በደል፣ አይጥልም። የዳኛው ድካም ጥርጣሬውን አድራሻው ላይ ማቆም ነው። ይህን የሚያደርግ ዳኛ ለተከሳሽም ለሟችም ይጠቅማል፤ ሁለት ሐኪሞች ስለተጨቃጨቁ ብቻ ፋይሉን የሚዘጋም፣ ትልቁ ሐኪም ስላለ ብቻ የሚፈርድም ሳይመዝን ወሰነ።

ሌላው ተቃውሞ ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከቡሬ፣ ከበደሌ የሚመጣ ነው፦ ይህ የሀብታም አገር ወግ ነው፤ እኛ መቃብር የምንከፍትበት፣ የጥርስ ሊቅ የምንጠራበት አቅም የለንም። እውነት ነው፣ የለንም። ነገር ግን በሐና ጉዳይ ውድ የነበረው ሥራ ሁሉ የርካሹ ሥራ መጉደል ያመጣው ዕዳ ነበር። በተወለደችበት ቀን አንድ ጸሐፊ አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ መቃብሯ ባልተከፈተ። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 መጨረሻ ቢወጣም ሥራው በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው፤ በዚያው ጊዜ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸውን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች 3 በመቶ ገደማ ብቻ አገኛቸው። በጥር 2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ሲከለከል የብዙዎች ልብ አረፈ፤ የሐና ስምም በዚያ ክርክር ውስጥ ደጋግሞ ተነስቷል። ክልከላው ግን በሩን ዘጋ እንጂ መዝገቡን አልከፈተም። እዚሁ አገር ውስጥ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ለሥራ የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ አንዷ በተቆለፈ ቤት ብትሞት በዕድሜዋ ላይ የሚነሳው ክርክር ያው ነው።

ጎሬ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ ጉምና ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። በሐምሌ ሌሊት እዚያ ደጅ ያደረች የተራበች ልጅ በብርድ ልትሞት ትችላለች፤ ለዚህ ሰሜን አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ቢመጣ ማስረጃው ከየት ይገኛል? ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ካርድ ላይ ከተጻፈው ክብደት፤ ከትምህርት ቤት የቀሪ መዝገብ፤ አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው ፖሊስ ሰዓቱን፣ ልብሱን፣ የአየሩን ሁኔታ ከጻፈበት ማስታወሻ፤ ጠቅላላ ሐኪሙ ያየውን ከገመተው ለይቶ ካሰፈረበት ወረቀት። ከእነዚህ አንዱም ስፔሻሊስት አይጠይቅም። አስከሬኑ ምርመራ ሳያገኝ ቢቀበር እንኳ እነሱ ይቀራሉ፤ ሁለት ሐኪሞች ኋላ ቢጋጩ የሚመለሱባቸውም እነሱ ናቸው። የጥንቱ አፈርሳታ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰብስቦ «ማን አየ?» ይል ነበር። የመቱ ዳኛ ዛሬ ሐኪሞቹን «ማን ያውቃል?» ከማለቱ በፊት «ማን ጻፈ? መቼ ጻፈ? ምን አይቶ ጻፈ?» ማለት ይችላል። የሐና ፍርድ ቤት ሦስቱንም ስለ ሞቷ ጠይቆ መልስ አገኘ። ስለ ልደቷ ጠየቀ፤ ከኢትዮጵያ የመጣው ወረቀት በግምት የተሞላ ነው ሲባል እርግጠኛውን ቀን የሚናገር ሌላ መዝገብ አልነበረም።